ከበርበራ እስከ ቶጎ ውጫሌ፤ የዕቃው ስምና የነጋዴው ሰነድ

በሐርጌሳ ከተማ ከሚገኙት ወረዳዎች አንደኛው «31 ሜይ» ተብሎ ይጠራል። ይኸውም የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች በ1988 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በዚያድ ባሬ መንግሥት ጦር ላይ ተነሥተው ከተማዪቱን የወጉበት ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ሐርጌሳ በመድፍና በአውሮፕላን ድብደባ መፍረሷ፣ ሕዝቧም ወደ ኢትዮጵያ ምድር በብዛት መሰደዱ የታወቀ ነው። ዛሬ በከተማዪቱ የሚታየው ነገር ሌላ ነው። ከዱባይ፣ ከቻይናና ከቱርክ የመጣ ጨርቅ፣ ሩዝ፣ ስኳር፣ ስልክና የመኪና መለዋወጫ በየሱቁ ተደርድሮ ይሸጣል፤ ከዚያው ላይም ጥቂት የማይባለው ወደ ጅግጅጋና ወደ ድሬዳዋ ይሻገራል። ይህ ሁሉ ዕቃ በምን ዓይነት ወረቀት ይገባል? በምን ዓይነት ወረቀትስ ይሻገራል? የተባለ እንደ ሆነ ግን ነጋዴውም አስተዳዳሪውም ወዲያው የሚመልስለት ጥያቄ አይደለም።

የሐርጌሳ ንግድ የቆመው በአደራ ነው። በዱባይ የሚኖረው ወኪል የሐርጌሳውን ነጋዴ ቤተሰብ ያውቃል፤ ዕቃውን በስልክ ቃል ብቻ ይልክለታል፤ ገንዘቡም በሐዋላ ይከፈላል። በከተማዪቱ ውስጥ ደግሞ ከ2009 ጀምሮ «ዛድ» በተባለው የስልክ ገንዘብ መክፈል የተለመደ ስለ ሆነ፣ ሻይ የጠጣ ሰው እንኳ ሒሳቡን በስልኩ ይከፍላል። በአደራ የሚሠራ ንግድ የሚናቅ አይደለም። መንግሥት ፈርሶ ባንክ በጠፋበት ዘመን ሕዝቡን ያበላው እርሱ ነው። ነገር ግን አደራ የሚሠራው በሚተዋወቁ ሰዎች መካከል ብቻ ነው። የመርከብ ኩባንያው፣ የኢንሹራንስ ድርጅቱ፣ የጉምሩክ ሹሙ ነጋዴውን አያውቁትም፤ የሚያውቁት ወረቀቱን ነው።

ወረቀቶቹ ብዙ አይደሉም። ዕቃው በመርከብ ስለ መጫኑ ማስረጃ የሚሆነውና ዕቃውን ለመረከብ መብት የሚሰጠው የጭነት ሰነድ፣ በእኛ አገር ነጋዴዎች ዘንድ «ፋቱራ» የሚባለው የሽያጭ ደረሰኝ፣ የጭነቱ ዝርዝር፣ ዕቃው የተሠራበትን አገር የሚያስረዳው የምስክር ወረቀት፣ የኢንሹራንስ ወረቀት፣ ምግብ ወይም እንስሳ ወይም መድኃኒት ሲሆን ደግሞ የጤና ምስክር ወረቀት ናቸው። የእነዚህን ስም የማያውቅ ነጋዴ የለም። ችግሩ የሚመጣው በአንደኛው ወረቀት ላይ የተጻፈው በሁለተኛው ላይ ከተጻፈው ጋር ያልተስማማ እንደ ሆነ ነው። ፋቱራው 400 ካርቶን ሲል የጭነቱ ዝርዝር 380 ካለ፣ ሃያው ካርቶን ስሕተት መሆኑን ሹሙ የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ እስኪጣራም ዕቃው በመጋዘን ኪራይ ይጠብቃል።

ከሁሉ ይልቅ ግን ነጋዴውን የሚጎዳው የዕቃው ስም ነው። በትርጉም ሥራ ለምንኖር ሰዎች ይህ ነገር አዲስ አይደለም፤ አንድ ዕቃ በቻይናው ፋብሪካ አንድ ስም፣ በዱባዩ ወኪል በዓረብኛ ሌላ ስም፣ በበርበራ በሶማልኛ ሦስተኛ ስም፣ በቶጎ ውጫሌ በአማርኛ አራተኛ ስም ይኖረዋል። ይህ መደበላለቅ እንዳይኖር የዓለም ጉምሩክ ድርጅት ዕቃን ሁሉ በቍጥር የሚሰይም መዝገብ አዘጋጅቶ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1988 ጀምሮ በሥራ ላይ አውሏል። በዚህ መዝገብ ከ5 ሺህ የሚበልጡ የዕቃ ዓይነቶች እያንዳንዳቸው ባለ ስድስት አሐዝ ቍጥር አላቸው፤ አገሮችም ከስድስቱ በኋላ የራሳቸውን አሐዝ እየጨመሩ ቀረጡን ይወስናሉ። መዝገቡም በየጊዜው ይታደሳል፤ የ2022ቱ እትም ካለፈ በኋላ የሚመጣው ከ2028 መጀመሪያ ጀምሮ እንዲሠራበት ተወስኗል።

ለምሳሌ ዕጣንን እንውሰድ። የሶማሌላንድ ምሥራቃዊ ተራሮች ከጥንት ጀምሮ በዕጣን የታወቁ ናቸው፤ ሕዝቡም «ሜይዲ» እና «በዮ» እያለ ሁለቱን ዓይነት ይለያል፤ ዛፎቻቸውም የተለያዩ ናቸው። በመዝገቡ ግን ሁለቱም ሙጫ ሲሆኑ በ13.01 ሥር ይገባሉ። ያው ዕጣን ተነጥሮ ዘይቱ ከወጣ በኋላ ደግሞ 33.01 ወደሚባለው ወደ ሽቶ ዘይቶች ምድብ ይሻገራል። የዕጣን ዘይት በትናንሽ ጠርሙስ ሞልቶ በስልክ ገበያ ለውጭ አገር ሰው የሚሸጥ ወጣት በወረቀቱ ላይ «ዕጣን» ብሎ ብቻ ቢጽፍ፣ ሐሰት አልጻፈም፤ ቢሆንም የተቀባዩ አገር ጉምሩክ ሙጫ ሲጠብቅ ዘይት ያገኛል፤ ዘይቱም የሚነድ ፈሳሽ ስለ ሆነ በአውሮፕላን ለመጫን ሌላ ደንብ አለው።

ከዕጣኑ የሚበልጠው ምሳሌ ግን የልባሽ ጨርቅ ነገር ነው። በተለምዶ «ሳልባጅ» የሚባለው ይህ ዕቃ በመዝገቡ 63.09 የሚል ቍጥር አለው። በሐርጌሳ ገበያ ሲሸጥ ሕጋዊ ንግድ ነው፤ ግብሩም ተከፍሎበት ገብቷል። ኢትዮጵያ ግን ልባሽ ጨርቅ ለንግድ እንዳይገባ ከልክላለች። ስለዚህ አንዱ እስር የቶጎ ውጫሌን ድንበር እንደ ተሻገረ፣ መልኩም ባለቤቱም ሳይለወጥ፣ ንግድ መሆኑ ቀርቶ ኮንትሮባንድ ይሆናል። በዚያ ድንበር የሚዋሉት ሰዎች ከወዲያና ከወዲህ ያንድ ጎሣ ልጆች ናቸው፤ በሁለቱም በኩል ያንድ ቋንቋ ተናጋሪዎች ናቸው። እንግሊዝና ኢትዮጵያ በኖቬምበር 29 ቀን 1954 ለንደን ላይ የተፈራረሙት ውል የሐውድን ግዛት ለኢትዮጵያ ሲመልስ እረኞቹ ከብቶቻቸውን እየነዱ እንዲሻገሩ የግጦሽ መብት ጠብቆላቸው ነበር። ግመል በውል ይሻገር ነበር ማለት ነው። የጨርቅ እስር ግን እንዲህ ያለ ውል የለውም።

ሁለተኛው ነገር ዋጋ ነው። የኢትዮጵያ ጉምሩክ ቀረጥ የሚያስበው ዕቃው በተገዛበት ዋጋ ላይ የኢንሹራንሱንና የማጓጓዣውን ሒሳብ ደምሮ ነው። አንዳንድ ነጋዴ ሁለት ፋቱራ ያሠራል፤ አንደኛውን ለራሱ፣ ሁለተኛውን ለዶጋና። ይህም ብልኀት ይመስለዋል። እስቲ ሒሳቡን እንየው። ዋጋው ከነማጓጓዣውና ከነኢንሹራንሱ 100,000 ብር የሆነ ዕቃ 35 በመቶ ቀረጥ ቢኖርበት ቀረጡ 35,000 ብር ነው። የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ የሚታሰበው በ100,000 ላይ ሳይሆን ቀረጡ በተደመረበት በ135,000 ላይ ነው፤ ይኸውም 20,250 ብር ይሆናል። ሱር ታክስ የሚባለው 10 በመቶ ደግሞ እነዚህ ሁሉ በተደመሩበት በ155,250 ላይ ሲታሰብ 15,525 ብር ይሆናል። ሦስቱ ብቻ 70,775 ብር ደረሱ። ሌሎች ክፍያዎችን አልቈጠርንም። ነጋዴው ዋጋውን ለመቀነስ የሚፈተነው ታክሱ በታክስ ላይ ስለሚጫን መሆኑን አስተዳዳሪዎችም ሊያውቁት ይገባል።

ነገር ግን ብልኀቱ አይሠራም። ጉምሩክ ፋቱራውን የተጠራጠረ እንደ ሆነ፣ ተመሳሳይ ዕቃ ከዚህ በፊት የገባበትን ዋጋ ከመዝገቡ አውጥቶ በእርሱ ያስከፍላል። ሐሰተኛ ፋቱራ የያዘ ነጋዴ ይህን ሲቃወም የሚያቀርበው ማስረጃ የለውም፤ እውነተኛውን ፋቱራ ቢያወጣ ወንጀሉን ያወጣል። እውነተኛ ፋቱራና የክፍያ ማስረጃ የያዘው ግን ቢከራከርም የሚደገፍበት ነገር አለው። በሐዋላ የተከፈለ ገንዘብ ደረሰኝ ከሌለው እዚህ ላይ ዋጋ ያጣል። ስለዚህ አደራው በሥራው ላይ እንዳለ ሆኖ ሐዋላው ደረሰኝ እንዲሰጥ፣ ደረሰኙም የፋቱራውን ቍጥር እንዲጠቅስ ማድረግ ምንም ወጪ የለውም።

ስለ ኢንሹራንስም አንድ ቃል። ብዙ ነጋዴ «ከነኢንሹራንሱ ገዝቻለሁ» ብሎ ይተኛል። በዓለም የንግድ ውሎች ደንብ መሠረት ግን በዚህ ዓይነት ውል ሻጩ እንዲገባ የሚገደደው ዝቅተኛውን ኢንሹራንስ ብቻ ነው፤ የጦርነት ጉዳት በእርሱ ውስጥ የለም። ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ በቀይ ባሕር በመርከቦች ላይ አደጋ ሲጣል የኢንሹራንስ ዋጋ ምን ያህል እንደ ናረ የማያስታውስ የለም። እርግጥ ነው፤ ከዱባይ ወደ በርበራ የሚመጣ መርከብ በባብ ኤል መንደብ አያልፍም። ከቱርክና ከአውሮፓ በስዊዝ በኩል የሚመጣው ግን ያልፋል።

ትንንሾቹ ነጋዴዎችና በስልክ የሚሸጡት ወጣቶች ለብቻቸው ኮንቴይነር መሙላት ስለማይችሉ ዕቃቸውን ባንድ ላይ ያስጭናሉ። ወኪሉ በጓንጁ ወይም በዱባይ መጋዘን የሠላሳና የአርባ ሰው ዕቃ ሰብስቦ ባንድ የጭነት ሰነድ ይልካል። በዚህ ሰነድ ላይ የሚጻፈው የወኪሉ ስም እንጂ የእነርሱ አይደለም። ከአርባው አንዱ በስልክ መሸፈኛ ስም የባትሪ ካርቶን ደብቆ ቢያስገባና ቢገኝ፣ የሚታገደው ኮንቴይነሩ በሞላው ነው። የሊቲየም ባትሪ በባሕርም በአየርም በአደገኛ ዕቃዎች ተራ የሚቈጠር ነው፤ በመርከብ ላይ እሳት የሚያስነሣ ነገር ስለ ሆነ ደንቡ ያለ ምክንያት አልወጣም። ስለዚህ ትንሹ ነጋዴ ከወኪሉ የራሱን ድርሻ የሚያመለክት በስሙ የተጻፈ ሰነድ መቀበል አለበት። ይህ ከሌለው ወኪሉ የጠፋ ቀን ዕቃው የእርሱ ስለ መሆኑ ምስክር የለውም።

አሁን ደግሞ ወደ ከበደው ነገር እንግባ። ሶማሌላንድ በሜይ 18 ቀን 1991 ነጻነቷን ካወጀች በኋላ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሚያውቃት መንግሥት ሳታገኝ ኖራ፣ በዲሴምበር 26 ቀን 2025 እስራኤል የመጀመሪያዪቱ ሆና ዐወቀቻት። ይህ የፖለቲካ ነገር ነው፤ በነጋዴው ፋቱራ ላይ ግን በየቀኑ ይታያል። በዓለም የንግድ ወረቀቶች በርበራ የምትመዘገበው ሶማሊያ በተባለችበት ምልክት ነው። ስለዚህ በሶማሊያ ላይ የተጣለ ማዕቀብ ሁሉ ለሐርጌሳው ነጋዴም ይደርሰዋል። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታ ምክር ቤት በ2012 ከሶማሊያ ከሰል እንዳይወጣ ሲከለክል የታሰበው አል ሸባብ ከኪስማዩ የሚያገኘውን ገንዘብ ለማድረቅ ነበር። የመርከብ ኩባንያው ግን ከሰሉ ከኪስማዩ ይሁን ከበርበራ አይመረምርም፤ የአገሩን ምልክት አይቶ ይከለክላል።

ባንክም እንደዚሁ ነው። በኖቬምበር 2001 የአሜሪካ መንግሥት አል በረካት የተባለውን ትልቅ የሶማሌ ሐዋላ ድርጅት ገንዘብ ባንድ ቀን አገደ፤ በዚያ ገንዘባቸው የነበረ ብዙ ሰዎች ተቸገሩ። በ2013 ደግሞ ባርክሌስ የተባለው የእንግሊዝ ባንክ ለዳሐብሺል የያዘውን ሒሳብ እዘጋለሁ ብሎ ክርክሩ እስከ ፍርድ ቤት ደረሰ። ባንኩ የሚፈራው ያልታወቀ ገንዘብ በእርሱ በኩል አልፎ ከአሜሪካ ሹማምንት ቅጣት እንዳያመጣበት ነው። ፍርሃቱ መሠረት የሌለው ነው ለማለት አይቻልም። ያም ሆኖ በፍርሃት የሚዘጋው በር ንጹሑንና ጥፋተኛውን እኩል ያስቀራል። የሐርጌሳ ነጋዴ በዚህ ምክንያት እንደ አዲስ አበባው ነጋዴ በባንክ የዋስትና ሰነድ ለመግዛት ይቸገራል፤ ወረቀቱም በሌላው ዘንድ ክብደቱ ትንሽ ስለ ሆነ ከሌላው ነጋዴ ይልቅ ወረቀቱን እጥፍ አድርጎ ማጥራት ግድ ሆኖበታል።

የወደቡም ነገር ከዚህ አልራቀም። የዱባዩ ዲፒ ወርልድ በ2016 የበርበራን ወደብ ለ30 ዓመት ለማስተዳደር ተዋውሎ፣ በማርች 2018 ደግሞ ኢትዮጵያ በ19 በመቶ ባለ ድርሻ እንድትሆን ስምምነት ተደረገ። ወዲያውኑ የሞቃዲሾ ምክር ቤት ኩባንያው በሶማሊያ ምድር እንዳይሠራ ወሰነ። ሥራው ግን አልቆመም፤ አዲሱ የኮንቴይነር ወደብ በጁን 2021 ተመረቀ። ኢትዮጵያም የሚጠበቅባትን ስላልፈጸመች ድርሻዋን ማጣቷ በ2022 ተነገረ። በጃንዋሪ 1 ቀን 2024 በአዲስ አበባ የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ ከሞቃዲሾ ጋር ብዙ ጠብ አስነሥቶ፣ በዲሴምበር 2024 የአንካራ መግለጫ ተከተለው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ጫኝ መኪናው ከበርበራ ተነሥቶ 250 ኪሎ ሜትር ያህል እየነዳ ቶጎ ውጫሌ ይደርስ ነበር። ዲፕሎማቶቹ የሚጽፉትን ነጋዴው መጠበቅ አይችልም፤ ሩዙ ይበላሻል።

አንዲት የምስክር ወረቀት የቱን ያህል ዋጋ እንዳላት ለማወቅ የፈለገ ሰው የከብቱን ንግድ ታሪክ ይመልከት። በ1997 ከበርበራ ወደ ዓረብ አገር የተጫነው በግና ፍየል፣ ከብትና ግመል ከ2 ሚሊዮን በላይ ነበር፤ ብዙውም ከኢትዮጵያ ሶማሌ አገር እየተነዳ የመጣ ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የተባለው በሽታ በኬንያና በሶማሊያ በመነሣቱ ሳዑዲ ዓረቢያ በ1998 መጀመሪያ ከብት እንዳይገባ ከለከለች። በ1999 ክልከላው ተነሣ፤ በሴፕቴምበር 2000 በሽታው በሳዑዲና በየመን በራሱ ሲነሣ ግን በሩ እንደ ገና ተዘጋና እስከ 2009 ድረስ ዘጠኝ ዓመት ቈየ። ከብቱ ሁሉ አልታመመም። የጎደለው «ይህ እንስሳ ተመርምሮ ደኅና ሆኗል» ብሎ የሚጽፍና ጽሑፉ በጅዳ የሚታመን የእንስሳት ሐኪም ነው። እረኛው በግርድፍ ዋጋ ሸጠ፤ ነጋዴው በጅቡቲና በየመን በኩል ማለፊያ ፈለገ፤ በጅቡቲ በ2006 የከብት ማቆያ ተከፍቶ ስለ ነበር በዚያ የተመረመረው ሲያልፍ የበርበራው ቀረ። በበርበራም ማቆያ ተሠርቶ ምርመራው ሲጀመር በሩ ተከፈተ። የተለወጠው የበጉ ጤና ሳይሆን የወረቀቱ ታማኝነት መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ይህን ስንል ጥፋቱን ሁሉ በነጋዴው ላይ መጫናችን አይደለም። ደንብ የሚያወጣው ወገንም የሚጠየቅበት አለው። ኢትዮጵያ በኦክቶበር 2022 38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳያገኙ ከልክላ፣ በጁላይ 2024 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ክልከላውን አነሣች። በጃንዋሪ 2024 ደግሞ በቤንዚን የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ተነገረ። እያንዳንዱ ትእዛዝ የራሱ ምክንያት ይኖረዋል፤ የውጭ ምንዛሪ እጥረቱም የታወቀ ነው። ዕቃ ከጓንጁ ተነሥቶ በርበራ እስኪደርስ ግን ሳምንታት ይፈጃል፤ ገዝቶ ከጫነ በኋላ የወጣ ትእዛዝ በባሕር ላይ ያለውን ዕቃ ባለቤት አልባ ያደርገዋል። ትእዛዙ ሲወጣ አስቀድመው የተጫኑት እንዴት እንደሚስተናገዱ በዚያው ቀን፣ በዚያው ወረቀት ላይ ቢጻፍ ከቶጎ ውጫሌ ኮንትሮባንድ አንዱ ክፍል ይቀንስ ነበር ብለን እናምናለን። በሕግ ለማስገባት ሄዶ ከበሩ የተመለሰ ሰው በሌሊት በዱር መንገድ የሚሄድበት ጊዜ አለና።

ርቀው ያሉት መንግሥታትም ከዚህ አይሻሉም። የእንግሊዝ መንግሥት በጁን 24 ቀን 2014 ጫትን ሲከለክል፣ እስከ ዋዜማው ድረስ በለንደን አውሮፕላን ጣቢያ ግብር እየከፈለ ያስገባ የነበረ ሰው በማግስቱ አደንዛዥ ዕፅ አስገቢ ሆነ። ወደ አሜሪካ በፖስታ ትንሽ ትንሽ የዕጣንና የቡና ጥቅል ይልኩ የነበሩትም እስከ 800 ዶላር ድረስ ከቀረጥ ነጻ መሆኑ በኦገስት 29 ቀን 2025 ሲቀር ሒሳባቸው ባንድ ጊዜ ተለወጠ። በአውሮፓ ኅብረትም እስከ 22 ዩሮ የነበረው የታክስ ነጻነት በጁላይ 2021 ቀርቷል። በስልክ የሚሸጥ ሰው ዋጋውን ሲናገር «ቀረጡን የሚከፍለው ገዢው ነው ወይስ እኔ?» የሚለውን አስቀድሞ ካልቆረጠ፣ ገዢው በበሩ ላይ ክፈል ሲባል ጥቅሉን ይመልሰዋል፤ የመመለሻውም ኪራይ ከዕጣኑ ዋጋ ይበልጣል።

በኤፕሪል 1 ቀን 2022 ሌሊት፣ በረመዳን ዋዜማ፣ የሐርጌሳ ዋና ገበያ የሆነው ዋሄን ተቃጠለ። የጠፋው ሱቅና መደብ ሁለት ሺህ ያህል እንደሚሆን ተነገረ። አብዛኛው ኢንሹራንስ አልነበረውም። ዕቃው መጥፋቱ የታየ ጉዳት ነው፤ ፋቱራውና የዱቤ መዝገቡ አብሮ የተቃጠለበት ነጋዴ ግን የዱባዩ ወኪል ስንት እንደሚጠይቀው፣ እርሱም ከጅግጅጋ ደንበኛው ስንት እንዳለው በቃል ብቻ ቀረለት። የሐርጌሳ ሰው አደራ ጠባቂ በመሆኑ ብዙው በሽማግሌ ተስማምቷል ይባላል። በኢትዮጵያ በኩል ግን ጉምሩክ ከዕቃው መለቀቅ በኋላ እስከ አምስት ዓመት ድረስ ተመልሶ ሒሳብ ሊመረምር ስለሚችል፣ በዚያ የሽማግሌ ምስክርነት አይረዳም። የሰነዶቹን ቅጂ ከሱቁ ውጭ በሌላ ቤት ማኖር፣ ወይም በስልክ ፎቶግራፍ አንሥቶ ለዘመድ መላክ፣ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።

ለአስተዳዳሪዎች ደግሞ አንድ ነገር ብቻ እናሳስባለን። በቶጎ ውጫሌ በሁለቱም በኩል በብዛት የሚሻገሩት ዕቃዎች ከጥቂት መቶዎች የሚበልጡ አይመስለንም። የእነዚህ ስም በሶማልኛ፣ በአማርኛ፣ በዓረብኛና በእንግሊዝኛ ከነመዝገብ ቍጥራቸው፣ የተከለከለውም የተፈቀደውም ተለይቶ፣ በአንድ ሰሌዳ ቢታተምና በጉምሩኩ በር ላይ ቢለጠፍ የአንድ አስተርጓሚና የአንድ ጉምሩክ ሠራተኛ የሁለት ወር ሥራ ነው። ቍጥሮቹ ሲታደሱም ሰሌዳው ይታደሳል።